ለመኪና ዘፈን ስለተነቀለችው ሚሞሪ ካርድ

ለክቡር አቶ ዋርፋ ሱጉሌ
የእናቶችና ሕፃናት ክትባት ምዝገባ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ጅግጅጋ

መጋቢት 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወገብዎን ሕመም ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የቢሮዎ ወንበር እንደሚመችዎት፣ መኪናዎ ጎማ እንዳልጎደላት፣ በተለይም የመኪናዋ ዘፈን ማጫወቻ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ አልጠራጠርም። እኔም ስሜን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካዋሉልኝ ቀን ጀምሮ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቁጣዬ ሳይቀንስ በደኅና አለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልነሳ። የነገራችን ሥር ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት፣ ከመስክ ተመልሼ ያስረከብኩዎትን የቢሮ ስልክ ገልብጠው፣ በጀርባው ላይ የለጠፍኩትን ነጭ ፕላስተር በአውራ ጣትዎ ጥፍር የላጡባት ቅጽበት ናት። በፕላስተሩ ላይ በአማርኛም በሶማልኛም «አይነቀል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እርስዎ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ስለሚያነቡ፣ የላጡት ያነበቡትን ነው ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱ፣ ባትሪውን አወጡ፣ ከሥሩ ያለችውንም ሚሞሪ ካርድ ገፋ አድርገው መዳፍዎ ላይ ጣሏት። እኔ «ክቡር ኃላፊ፣ ሥራው በሙሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው፣ ገና አልተላከም» ስልዎት፣ እርስዎ እየሳቁ «መኪና ውስጥ ዘፈን ላዳምጥባት ነው እንጂ ልበላት ነው እንዴ? ከቀብሪበያ ስመለስ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። ቃልዎን ጠብቀዋል። አልበሏትም፤ ሲመለሱም ሰጥተውኛል። ስለዚህ አመሰግናለሁ።

በአማርኛ የምጽፈው የከሰሱኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ያሉ አለቆችዎ ክሱን ካነበቡ መልሱን ለማንበብ የሚቸገሩ አይመስለኝም። ከእነሱ ሌላ ይህን ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ የሚያነቡት ብዙዎች ስለሚሆኑ፣ ግራ እንዳይጋቡ ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳ። እኛ መዝጋቢዎች ከመንደር መንደር እየዞርን የእናቶችን ስም፣ የልጆቻቸውን ዕድሜና የወሰዱትን ክትባት ቢሮው በሰጠን ስልክ፣ ለዚሁ በተሠራ አፕሊኬሽን እንመዘግባለን፤ የልጆቹንም ፎቶ እናነሳለን። መንደሮቹ ኔትወርክ ስለሌላቸው የመዘገብነው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይቆይና ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ጅግጅጋ ስንመለስ ነው። ችግሩ የስልኮቹ ሆድ ጠባብ ነው። ጥቂት መንደር እንደዞርን «ቦታ የለም» ብለው እምቢ ይላሉ። አንዱ ባልደረባችን የሟች እናቱን ፎቶ ሲያጠፋ፣ ሌላዋ ቁርኣን የምታዳምጥበትን አፕሊኬሽን ስታጠፋ ከከረሙ በኋላ፣ እኔ በራሴ ኪስ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ገዝቼ አፕሊኬሽኑን ከነያዘው መረጃ ወደ እሷ አዛወርኩት። ስልኩ እፎይ አለ፤ እኛም አልን።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። እንዲህ ሆና የተሰናዳች ካርድ ለዚያ ስልክ ኒካ እንደታሰረላት ሙሽራ ይቁጠሯት፤ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቢያገኛት ፊቷን አትገልጥለትም። ለባዕድ ዓይን ባዶ ወይም የተበላሸች ትመስላለች እንጂ ባዶ አይደለችም። እርስዎ ይህን አያውቁም እንዳልል፣ በስብሰባ አዳራሽ «ናስትሆ ቢሮውን ከአዲስ ስልክ ግዢ ገላገለችው» ብለው ያስጨበጨቡልኝ፣ ባልደረቦቼን በሙሉ እንዳስተምርም ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ባስተማርኩበት ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። «ካርዷን መንቀል ሥራውን መንቀል ነው» ስል ራስዎን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ። ያኔ መስማማት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ለካ እንቅልፍ ኖሯል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከአውበሬ ወዲያ ባሉት መንደሮችና በቱሊ ጉሌድ ዙሪያ የሰበሰብኩትን መዝገብ በሠርግ ዘፈን ስለተኩልኝ አመሰግናለሁ። እንዴት እንደሆነ የሰማሁት ከራሱ ከባለሱቁ ነው። በቀብሪበያ መናኸሪያ አጠገብ በሚሞሪ ዘፈን የሚሞላው ማሃድ፣ ካርዷን ሲሰካት ኮምፒውተሩ «ፎርማት ካልተደረገች አልከፍትም» አለው። ማሃድ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ «ውስጧ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ?» ሲል ጠየቀዎት። እርስዎም «የቢሮ ልጅ ካርድ ናት፣ ምን ይኖራታል? አድርገው» አሉት። እሱም አደረገው፤ ውስጧ የነበረው ሁሉ ተጠረገ። መንገዱ እኮ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን እኔ ከመንደር መንደር በእግሬ ስለምሄድ አላውቀውም። ዘፈኖቹን አዳምጫቸዋለሁ። ምርጫዎ አይከፋም።

ከመዘገብኳቸው እናቶች አንዷን ላስተዋውቅዎት፤ ኒምኮ ትባላለች። ደጇ ስደርስ መጀመሪያ ልትመልሰኝ ፈልጋ «እናንተ ስማችንን ትወስዱና ትሄዳላችሁ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ ሁሉ ስም የት ነው የሚከማቸው? ጎተራ ሠርታችሁለታል?» አለችኝ። ስልኩን አሳይቻት «እዚህ ውስጥ ነው፣ አይጠፋም» አልኳት። ሳቀችና የልጆቿን ስም ከትልቁ እስከ ትንሹ ነገረችኝ፤ ትንሹን ደግሞ ለፎቶው ፊቱን አጠበችው። አሁን ማን ሄዶ «ጠፋ፣ እንደገና ንገሪን» እንደሚላት አላውቅም። እርስዎ ቢሄዱ መንገዱን አሳይዎታለሁ፤ ለመንገዱም የሚሆን ዘፈን አለዎት።

2ኛ. ካርዴን በነቀሉባት በዚያች ቅጽበት የራስዎ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በውስጡም ሚሞሪ ካርድ ነበረ። ይህን የማውቀው የገጠምኩልዎት እኔ ስለሆንኩ ነው። ስልክዎ በእህትዎ ልጅ የሠርግ ቪዲዮና ዘመዶችዎ በየጠዋቱ በሚልኩልዎት የአበባ ሥዕል ሞልቶ አልደወል ባለ ጊዜ ጠርተውኝ ነበር። አንዱንም እንዳላጠፋ አደራ ብለውኝ አላጠፋሁም፤ ሁሉንም ወደ ካርድ አዛውሬ አስረከብኩዎት። ያችን ካርድ ለዘፈን አልነቀሏትም። ውስጧ ያለው ነገር ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። ስለዚህ «ካርድ ሲነቀል ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር» እንዳይሉኝ እለምናለሁ። የእርስዎ የአበባ ሥዕሎች ይኸው እስከ ዛሬ በሰላም አሉ።

3ኛ. አዲስ አበባ ሪፖርት በጠየቀ ጊዜ የጻፉትን ደብዳቤ ስለ ድፍረቱ ሳላደንቅ አላልፍም። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፤ «ካርዱ በባለሙያ ተከፍቶ ባዶ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሠራተኛዋ ወደ መስክ ሳትወጣ እንደወጣች በማስመሰል ጽሕፈት ቤቱን ማታለሏ ተረጋግጧል።» ባለሙያ የተባለው ማሃድ ነው። ማሃድ በሠርግ ዘፈን ባለሙያነቱ አይታማም፤ ይህን ማዕረግ ስለሰጡትም ነግሬው ደንግጧል። የቀረውን ግን በሚገባን ምሳሌ ልንገርዎት። አንድ ሰው በሌለሁበት ጓዳዬ ገብቶ እህሌን ሜዳ ላይ ደፍቶ ሲያበቃ፣ ጎረቤት ጠርቶ ባዶውን ጆንያ እያሳየ «ይህች ሴት ድሮም እህል አልነበራትም» ቢል፣ ያ ሰው እርስዎ ነዎት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት አባባል ነበር፤ የእርስዎ ይብሳል፣ ምክንያቱም ዳዋውን የደበደበችው አይጧ ራሷ ናት።

4ኛ. እስከዚህ ድረስ ያለውን ሥራ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ይህን ግን አልተወውም። በከተማችን አንዲት ያላገባች ሴት «መስክ ነበርኩ» ካለችባቸው ቀናት ላይ መስኩ ሲነሳ፣ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። እርስዎ የአራት ሴት ልጆች አባት ስለሆኑ ጥያቄውን ልነግርዎት አይገባኝም። ነገሩ እንዳይረሳ ይመስላል፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ «በተጠቀሱት ቀናት ሠራተኛዋ የት እንደነበረች ጽሕፈት ቤቱ አያውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት፤ ከዚያም ማኅተም አድርገው ባለጉዳይ ሁሉ በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ ለጠፉት።

እናቴ ሳዳ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ደብዳቤው በተለጠፈ ሰሞን አንዲት ደንበኛዋ ጨርቅ እያስለካች፣ ሌሎች ሴቶች እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሳዳ፣ ልጅሽ መስክ መስክ ስትል ለመሆኑ ማን ጋ ነው የምታድረው?» አለቻት። እናቴ ጨርቁን ለክታ፣ ቆርጣ፣ አጥፋ ሰጠቻትና ሱቋን ዘግታ ቤት ገባች። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል በግድግዳ የምንጎራበታቸውን ወይዘሮ ወለተሐናን ለመነቻቸው። እሳቸው አያታቸው በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሶማልኛን ከእኛ እኩል የሚናገሩ ሴት ናቸው። ከእናቴ ጋር እስከ ቢሮዎ ሄደው ሰሌዳው ሥር ቆመው እየተረጎሙ አነበቡላት። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙና «ከዚህ በታች ማኅተም ብቻ ነው» አሏት። እናቴ ማንበብ አትችልም እንጂ መስመር መቁጠር ትችላለች። አልጠየቀቻቸውም። ቤት ስትመጣ እኔንም አልጠየቀችኝም፤ ግን በዚያ ሳምንት ሱቋን አልከፈተችም።

የት እንደነበርኩ ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው ነገር ከሌለ ላሳውቅዎት። ያደረሰኝ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ነው፤ የነዳው የጽሕፈት ቤቱ ሹፌር ሀይቤ ነው፤ ወስዶ የመለሰኝም እሱ ነው፤ የመኪናዋን መውጫ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ያደርኩት በየመንደሩ አዋላጆች ቤት፣ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው። ሀይቤን ይህን መስክርልኝ ብዬው ነበር። ዓይኑን ሰብሮ «አባዮ፣ እህቴ፣ አዎ አይቻለሁ፤ ግን የማየው በእሳቸው መኪና መስታወት ነው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። በራሱ መኪና መስታወት የሚያይበትን ቀን ያምጣለት።

5ኛ. ሽማግሌ ስለላኩብን አመሰግናለሁ። ሽማግሌ በአባቶቻችን ዘንድ የተከበረ ነገር ነው፤ ደም የፈሰሰበትን ነገር በእርጥብ ቃል የሚያበርዱ ሰዎች ናቸው። እርስዎ የላኳቸው ግን ምን እንደሚያበርዱ አልተነገራቸውም ነበር። አባቴ ኤልሚ ዘንድ ቀርበው፣ ልጅህ ከአለቃዋ ጋር ቃል ተመላልሳለች፣ አንዲት ወረቀት ትፈርምና ሥራዋ ይመለስላት አሉ። ወረቀቷም አብራ መጥታ ነበር፤ «ላደረግሁት ማታለል ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሁለተኛም አይለመደኝም» ትላለች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ «ለመሆኑ የተጣሉት በምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ካርዷን አምጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። አጎቴም ወደ ብርሃን አስጠግቶ አይቷት «ይህችን? ፍየል ብትውጣት እንኳ አታስላትም» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ አጎቴ ተጫዋች ሰው ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም እስክሪብቶውን ወደ አባቴ ገፉት። ወደ እኔ የገፋው አልነበረም።

አባቴ፣ ዕድሜውን ያርዝምልኝ፣ እስክሪብቶውን አልነካም። «ልጅቷ ፊደል ቆጥራለች፤ ትጠየቅ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጠየቀኝ። መልሴ ይህ ደብዳቤ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ወረቀቷን አልፈርምም። አንድ ቃሏ ይለወጥ፣ ግማሿ ይሰረዝ፣ «ማታለል» የሚለው በ«ቸልተኝነት» ይተካልሽ ብለው በሌላ ሰው የላኩብኝም ደርሶኛል። ለልስላሴዎ አመሰግናለሁ፤ ቸልተኛ ግን አልነበርኩም። ሥራዬን መልሱልኝ ብዬም አልለምንም፤ ከእኔ ላይ የወሰዱት ሥራዬን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሥራ ፈልጌ ዝም ባልኩ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው ማኅተም፣ በአማርኛም እናቴ ስታስነብበው ማንም መስመር እንዳይዘልባት በሶማልኛም፣ «ካርዷን የነቀልኩት እኔ ዋርፋ ሱጉሌ ነኝ፤ ናስትሆ ኤልሚ በተጠቀሱት ቀናት በሙሉ በመስክ ሥራ ላይ ነበረች» የሚል ደብዳቤ ይለጠፍ። ቢበዛ ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያውን ለመጻፍ የተቸገሩትን ያህል እንኳ አያስቸግርዎትም፤ እውነት ስለሆነ ማሰብ አይጠይቅም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ደብዳቤዬ ፌስቡክ ላይ ይቆያል፤ ታትሞም በወዳጆቼ እጅ ለአዲስ አበባ ቢሮ ይደርሳል። በቱሊ ጉሌድና በአውበሬ በኩል የሚያልፍ ሰው ካለም የመዘገብኳቸው እናቶች እዚያው አሉ፤ ናስትሆ መጥታ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃቸው። የእነሱን ትዝታ ፎርማት የሚያደርግ ሱቅ እስካሁን ቀብሪበያ አልተከፈተም።

ለመኪናዎ የተቃና መንገድ፣ ለወገብዎ ፈውስ፣ ለሕሊናዎም ካለበት በሰላም መመለስን እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮትና ከዚያ ከላቀ ቁጣ ጋር፣

ያልፈረመችው ሠራተኛዎ
ናስትሆ ኤልሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ልጨርስ ስል፣ ነገሩ እየገፋ መምጣቱን አይተው አዲስ ሽማግሌ ሊልኩ እንዳሰቡ፣ በዚህኛው ዙር ደግሞ ይቅርታውን የሚጠይቁት እርስዎ እንደሚሆኑ፣ የሚጠይቁትም አባቴን እንደሆነ ሰማሁ። እንዳይደክሙ። አባቴ ከመንደር መንደር አልዞረም፣ ስሙም ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም፤ የት አደርክ ብሎ የጠየቀውም የለም። የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ አድራሻዬን ያውቁታል። ለእኔ የሚገባውን ይቅርታ ለአባቴ፣ ለአጎቴ ወይም አንድ ቀን ለሚያገባኝ ሰው ቢያቀርቡ፣ እነሱ ቢቀበሉዎት እንኳ እኔ ከእንግዲህ አልቀበልም።